የከተማ ሽማግሌ ዛፎች ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ችግኝ መትከል የታወቀ ልማድ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ባለሥልጣኑም ካህኑም ተማሪውም ወታደሩም አካፋ ይዞ ሲወጣ ይታያል፤ የተተከለውም ችግኝ ብዛት ተመዝግቦ ለሕዝብ ይነገራል። ይህ መልካም ሥራ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ችግኙ ከሚተከልበት ስፍራ አጠገብ መቶ ዓመት የቆመ ጽድ ወይም ወይራ ከአናቱ ጀምሮ ሲደርቅ ልብ ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ያየውም ሰው ነገሩን የሚጽፍበት መዝገብ፥ የሚያመለክትበትም ሹም አያገኝም። ችግኝ ሲተከል ይቈጠራል፤ ሽማግሌው ዛፍ ሲሞት አይቈጠርም።

ምናልባት አንድ ዛፍ ቢደርቅ አሥር ይተከላል የሚል አይታጣም። ይህ አነጋገር ለባሕር ዛፍ ይሠራ ይሆናል፤ ለጽድና ለወይራ፥ ለዝግባና ለዋርካ ግን አይሠራም። ዛሬ የተተከለ ወይራ የሽማግሌውን ወይራ ያህል ጥላ የሚሰጠው ለተካዩ ሳይሆን ለልጅ ልጁ ነው፤ ያውም ፍየል ሳይበላው፥ መንገድ ሳይደርስበት፥ በጋው ሳያቃጥለው ቢያድግ ነው። በዚያ መካከል ያለውን ዘመን ከተማው በጠራራ ፀሓይ ያሳልፈዋል። ዋርካ በሌለበት እንቧጮ አድባር ይሆናል እንደሚባለው፥ በየሕንጻው ደጃፍ በማሰሮ የቆመችውን ጌጠኛ ተክል እንደ ዛፍ ቈጥሮ መደሰት የሚመጣው ዋርካው ከጠፋ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቈረቈረች ጊዜ ሕዝቡ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚቈርጠው በእንጦጦና በዙሪያው የነበረውን የአገር ዛፍ ነበር። ብዙ ዘመን ሳይቈይ ጽዱም ወይራውም ተመናምኖ ማገዶ ከሩቅ መምጣት ስለ ጀመረ፥ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ግንብ አሠርተው ነበር። ከተማዪቱን በስፍራዋ ያጸናት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያው ዘመን መጨረሻ ደግሞ ባሕር ዛፉ ምንጩንና ጕድጓዱን አደረቀ የሚል አቤቱታ ስለ በዛ፥ ከተተከለው ብዙው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ እንደ ነበረና ሳይፈጸም እንደ ቀረ የታሪክ ጸሓፊዎች ጽፈዋል። እንግዲህ የዛፍንና የውኃን ነገር አንድ ላይ ማሰብ ለዚች ከተማ አዲስ አይደለም ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ዘመን የተረፈው የአገር ዛፍ ዛሬ የሚገኝበት ስፍራ የተወሰነ ነው። ይኸውም የአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር፥ የቤተ መንግሥት ግቢ፥ ቀድሞ ገነተ ልዑል ይባል የነበረው የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፥ የኤምባሲዎችና የቀደሙ መሥሪያ ቤቶች ግቢ ነው። ከዚህም ጋራ በኋላ ዘመን በየመንገዱ ዳር የተተከሉት ጃካራንዳዎች፥ ግራቪሊያዎችና ዘንባባዎች አሁን በዕድሜ ገፍተዋል። በከተማው ውስጥ ሾላና ወይራ ሠፈር እየተባሉ በዛፍ ስም የሚጠሩ መንደሮች አሉ፤ ስሙ ለዛፉ መታሰቢያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ማሰብ የሚገባው ዛፉ በሕይወት ሳለ ነው። ከዚህ ስፍራ አብዛኛውን በእጃቸው የያዙት ሁለት ወገኖች መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እነርሱም የመንግሥት ሹማምንትና የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎች ናቸው።

ብዙ ሰው የትልቅ ዛፍ ሥር ወደ ጥልቅ ወርዶ ከምድር ውስጥ ካለ ምንጭ የሚጠጣ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከምድር ገጽ አንሥቶ እስከ አንድ ክንድ ወይም ከዚያ ጥቂት በሚበልጥ ጥልቀት ተዘርግተው የሚገኙ ናቸው፤ ስፋታቸውም ቅርንጫፉ ከሚያጠላበት ክበብ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ዛፉ የሚጠጣው ከግንዱ ሥር ሳይሆን ከጥላው ዳርቻና ከዚያም ማዶ ነው። አንድ ሰው ባልዲ ውኃ ተሸክሞ በግንዱ ላይ ቢደፋ የዛፉን እግር አጠበ እንጂ ዛፉን አላጠጣም።

ነገሩን በሒሳብ መመልከት ይጠቅማል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ቅርንጫፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር የሚለካ ዛፍ የሚያጠላው መሬት 113 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በአዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ በዚያ ዛፍ ጥላ ልክ ብቻ በዓመት ከ113,000 ሊትር የሚበልጥ ውኃ ይወርዳል። ይህም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ቢሰፈር ከ560 በርሜል ይበልጣል። ከዚህም አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ዛፉ የሚኖረው አፈሩ በክረምት ባጠራቀመለት ውኃ ነው፤ አፈሩ ጎተራው ነው ማለት ነው። በልጉም የሚመጣበት ዓመት አለ፥ የሚቀርበትም ዓመት አለ።

እንግዲህ ያ መሬት በሲሚንቶ ወይም በአስፋልት በተሸፈነ ጊዜ ውኃው ወደ ቦይ ይሄዳል፤ ጎተራው ሳይሞላ ክረምቱ ያልፋል፤ ዛፉም ኅዳርን በባዶ ይጀምራል። የሚጐድለውም ውኃ ብቻ አይደለም። ሥር አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ በንጣፍ ሲታፈን ወይም መኪና እየቆመበት ሲጠቀጠቅ ሥሩ ይታፈናል። በከተማው ቈላማ ወገን ያለው መረሬ አፈር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፥ ሲሰነጠቅም ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል። በእንጦጦ ግርጌ ባለው ቀይ አፈር ላይ የቆመ ጽድና በመረሬ ላይ የቆመ ግራር ጥማቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ በአንድ ደንብ ሊጠበቁ አይችሉም።

ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው የጊዜው ርዝመት ነው። ሰው ውኃ ቢያጣ በዕለቱ ይታወቅበታል። ሽማግሌ ዛፍ ግን ሥሩ ከተቈረጠ ወይም መሬቱ ከተሸፈነ በኋላ በግንዱና በሥሩ ባከማቸው ስንቅ ሦስትም አምስትም ዓመት ሊቆም ይችላል። ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ባሉ እንደ ክር በቀጠኑ ቧምቧዎች ነው፤ በጽኑ ድርቅ ጊዜ በክሩ ውስጥ አየር ይገባና ውኃው ይበጠሳል፤ የተበጠሰውም ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚደርቀው ከሥር እጅግ የራቀው አናቱ ነው። አናቱ በሚደርቅበት ጊዜ ንጣፉን ያሠራው ኮሚቴ ተለውጧል፥ ሥራ ተቋራጩ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፥ ሹሙም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል። እንግዲህ የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ «ዛፉ አርጅቶ ሞተ» ተብሎ ይዘጋል። ነገር ግን ጽድና ወይራ መቶ ዓመትን እንደ እርጅና የሚቈጥሩ ዛፎች አይደሉም።

ይህ ነገር ይልቁንም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ሊታሰብበት ይገባል። ምእመናን ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ባዋጡት ገንዘብ፥ ቅጽሩ ጭቃ እንዳይሆን፥ ለቅዳሴና ለንግሥ የሚመጣውም ሕዝብ በንጹሕ ስፍራ እንዲቆም ሲባል ግቢው ከዳር እስከ ዳር ይነጠፋል። አሳቡ መልካም ነው፤ ለእግዚአብሔር ቤት ክብር የተደረገም ነው። ነገር ግን ንጣፉ እስከ ጽዱ ግንድ ደርሶ ለዛፉ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ብቻ ሲተውለት፥ አባቶች ለቅጽሩ ክብር ብለው ያቆዩት ዛፍ በዚያው በክብር ስም ታንቆ ይሞታል። አንዳንድ ጊዜም በግንዱ ዙሪያ የሲሚንቶ ክበብ ተሠርቶ አፈር ይሞላበታል፤ ግንድ በአፈር ሲቀበር ግን ቅርፊቱ ይበሰብሳል እንጂ አይጠቀምም። በሌላም ስፍራ ግንዱ ኖራ ይቀባል። ኖራው ግቢውን ያሳምረው እንደ ሆነ እንጂ ዛፉን አያጠጣውም።

መንጠፍ ግድ ከሆነ ድንጋዩን ያለ ሲሚንቶ በአሸዋ ላይ መደርደርና በመካከሉ ውኃ የሚሰርግበት ክፍተት መተው፥ በዛፉ ጥላ ልክ ያለውንም መሬት ጨርሶ ሳይነጥፉ ማቆየት ይቻላል። የወደቀውን ቅጠል ጠርጎ ማቃጠል በየግቢው የተለመደ ነው፤ ይህ ቅጠል ግን የአፈሩን እርጥበት የሚጠብቅ ልብስ፥ ሲበሰብስም ፍግ ነው። በወንጌል ስለ በለሲቱ የተነገረውን ምሳሌ ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ የወይኑ ጠባቂ ለዚያች ዛፍ የለመነው አንድ ዓመትን ብቻ አልነበረም፤ ዙሪያዋን ሊቈፍርላትና ፍግ ሊያደርግላትም ቃል ገብቷል። ከዳር እስከ ዳር በተነጠፈ ቅጽር ውስጥ ይህን ማድረግ የሚፈልግ ሰው እንኳ ቢገኝ የሚቈፍርበት አፈር አያገኝም።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በዚህ ረገድ ከማንም የሚማሩት አይደለም፤ የራሳቸው ምሳሌ ይበቃቸዋል። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ሊቅ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋራ ሆነው፥ ከእርሻ በተለቀመ ድንጋይ በቤተ ክርስቲያን ደን ዙሪያ አጥር እንዲካብ አድርገዋል። ከብት የማይገባበትና እርሻ የማይገፋው ደን ከአጥሩ ወዲያ ችግኝ ማብቀል መጀመሩም ተመስክሮለታል። የገጠሩን ደን የሚያጠፋው ከብትና ማረሻ እንደ ሆነ፥ የከተማውን ዛፍ የሚያጠፋው ሲሚንቶና ቍፋሮ ነው። ጠላቱ ቢለያይም ጥበቃው ያው የቅጽሩ ጠባቂ ሥራ ነው።

የመንግሥትም ወገን የራሱ ድርሻ አለው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተያዘው የኮሪደር ልማት መንገዶች ሰፍተዋል፥ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፥ የቧምቧና የመብራት መሥመር ከምድር በታች ተቀብሯል። በመንገዱም ዳር ሣርና አበባ ተተክሎ በቦቴ ውኃ ይጠጣል። በዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፥ ለሣር የሚረጨው ውኃ አፈሩን የሚያርሰው ጥቂት ጣት ያህል ነው፤ የሣሩን ሥር ያረካል እንጂ በዚያው ስፍራ ለቆመው አሮጌ ዛፍ አይደርሰውም። ሰው ግን መሬቱ ርሶ ሲያይ ዛፉም የጠጣ ይመስለዋል። ሁለተኛው፥ ለቧምቧ የሚቈፈረው ቦይ በግንዱ አጠገብ ሲያልፍ የዛፉን ሥር በአንድ ወገን ጨርሶ ይቈርጠዋል። ያን ጊዜ ዛፉ ከሚጠጣበት ማዕድ ግማሹ ተነሥቷል ማለት ነው። በዚያ ላይ መያዣው ስለሚጐድል በክረምት ነፋስ የመውደቅ አደጋ አለው። ስለዚህ ቍፋሮ ከመጀመሩ በፊት የዛፉን ጥላ ልክ በኖራ አስምሮ ቦዩን ከዚያ ውጭ ማሳለፍ፥ ይህ የማይቻል ከሆነ በእጅ ቈፍሮ ወፍራሙን ሥር ሳይቈርጡ ቧምቧውን ከሥሩ በታች ማስገባት ይሻላል። የተቈረጠም ሥር ካለ፥ ያ ዛፍ በሚመጡት ሦስት በጋዎች ከሌላው አስቀድሞ የሚጠጣ ሆኖ መመዝገብ አለበት።

ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነገር ከሌላው ሁሉ ይልቅ የተስማማ ነው፤ ዛፍ መጠማቱን አስቀድሞ የሚናገረው በቅጠሉ ነውና። ከዓመት ዓመት ቅጠሉ እያነሰና እየሳሳ ሲሄድ፥ በአናቱ ላይ ያሉት ቀንበጦች ራቁታቸውን ሲቀሩ፥ ጊዜው ሳይደርስ ቅጠሉ ሲረግፍ፥ ከግንዱ ላይ ያለ ስፍራው ቀንበጥ ሲያቈጠቍጥ፥ በእግሩ ዙሪያ እንጕዳይ ሲወጣ፥ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሲነሣ ዛፉ ታሟል። ነገር ግን የዛፉን ተፈጥሮ የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ታመመ፥ የታመመውን ጤነኛ ሊለው ይችላል። ብሳና ቅጠሉ ብርቱካን መስሎ መርገፉ ተፈጥሮው ነው፤ በዚህ ሰው ሊደነግጥ አይገባውም። ወይራ ቢቈረጥ ወይም ግማሹ ቢደርቅ ከሥሩ ያቈጠቍጣል፤ ጽድ ግን ከተቈረጠ በኋላ አያቈጠቍጥም። ስለዚህ ለወይራ በሁለተኛው ዓመት ቢደረስለት ተስፋ ይኖረዋል፤ ለጽድ ግን በመጀመሪያው ምልክት ካልተደረሰለት ያለፈ ነው። ደግሞ የተጠማ ዛፍ ለተባይ ይሸነፋል፤ በተባይ ከሞተውም ዛፍ ብዙው አስቀድሞ ውኃ የጐደለው ነው።

መሬቱ መድረቁን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በውጭ አገር የአፈርን እርጥበትና በግንድ ውስጥ የሚሄደውን ውኃ የሚለኩ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች አሉ፤ ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤት ቢገዛ መልካም ነው። ለሌላው ግን የጣት ውፍረት ያለው፥ ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ ብረት ይበቃል። ብረቱ በጥላው ዳርቻ በአራት ማዕዘን ይተከላል፤ እርጥብ አፈር ብረቱን ያስገባዋል፥ ደረቅ አፈር ይመልሰዋል። ብረቱ ስንዝር ያህል ገብቶ ከቆመ፥ ድንጋይ መትቶ እንዳይሆን ፈንጠር ብሎ ይደገማል። ከዚያም እስከ ክንድ ቈፍሮ ጭብጥ አፈር ወስዶ በእጅ መጭመቅ ነው፤ ተድቦልቡሎ የሚቀር ከሆነ ዛፉ ገና ስንቅ አለው፥ የሚበታተን ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው። ይህን ሥራ ማናቸውም አትክልተኛ በአንድ ቀን ይማረዋል።

ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ምን ያህል ይጠጣ? ከላይ የተጠቀሰው ባለ 12 ሜትር ዛፍ ጥላ የውጭው ግማሽ 56 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ላይ የ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህል ለማውረድ 1,700 ሊትር ገደማ፥ ማለት 8 በርሜል ተኩል ያስፈልጋል። ውኃውም በአንድ ጊዜ ቢደፋ ይፈስሳል እንጂ አይሰርግም፤ በተበሳ ጎማ ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ሊንጠባጠብ ይገባል። ይህን በበጋ ወራት በወር አንድ ጊዜ ማድረግ ለተጠማ ዛፍ ብዙ ነው። ዕለት ዕለት ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ግን ጉዳት አለው፤ ጽድና ወይራ ደረቅ ወራትን የለመዱ ዛፎች ስለ ሆኑ እግራቸው ዘወትር ሲርስ ይበሰብሳል። እንግዲህ ሳይጠማ ማጠጣት እንደሚጐዳ አውቆ፥ በልማድ ሳይሆን ብረቱ በሚያሳየው መሥራት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ አለ። በከተማው ውስጥ የቧምቧ ውኃ በተራ የሚደርሳቸው መንደሮች ሳሉ፥ እናቶች ቢጫውን ጀሪካን ይዘው ሲጠብቁ፥ የሚጠጣ ውኃ ለዛፍ ሊፈስስ ይገባልን? አይገባም። ለዛፍ የሚሆነው ውኃ ሌላ ነው፤ እርሱም በየክረምቱ ከጣሪያ ላይ ወርዶ በቦይ የሚጠፋው ነው። ጣሪያው 400 ካሬ ሜትር የሆነ ቤተ ክርስቲያን ወይም መሥሪያ ቤት፥ አንድ ቀን 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 10,000 ሊትር ውኃ ይወርድለታል። ያን ያህል የሚይዝ አንድ ሮቶ በጣሪያው አሸንዳ ሥር ቢቆም በአንድ ዝናብ ይሞላና ለአንድ ዛፍ ስድስት ጊዜ ያህል ማጠጫ ይሆናል። ጸበል ባለበት ደብርም የሚተርፈው ውኃ ወደ ጎርፍ ማውረጃ ከሚገባ፥ የደብሩ ሥርዓት በሚፈቅደው መንገድ ወደ ዛፎቹ መሬት ቢመራ የሚነቅፈው የለም። ሳሙናና በረኪና ያለበት እጣቢ ግን ለዛፍ አይሆንም፤ ከጋራዥ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይትማ ጭራሽ መርዝ ነው፤ በመንገድ ዳር ባለ ዛፍ ሥር ሲደፋ የሚያይ ደንብ አስከባሪም እንደ ጥፋት ሊቈጥረው ይገባል።

ባሕር ዛፍን ለአዲስ አበባ የሰጠችው አውስትራልያ በዚህ ነገር የከፈለችው ዋጋ ይታወቃል። በሜልቦርን ከተማ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1997 እስከ 2009 በቈየው ድርቅ ጊዜ ውኃ ለሰው እንዲተርፍ ተብሎ የመናፈሻ ማጠጣት ተቀነሰ። መቶ ዓመት ያለፋቸው የጎዳናው ዛፎች ከዚያ የተነሣ ደከሙ፤ ብዙዎቹም ጠፉ። ድርቁ ካለፈ በኋላ የከተማው አስተዳደር 70,000 ያህል ዛፎቹን አንድ በአንድ መዝግቦ፥ ለያንዳንዱ ቍጥር ሰጥቶ፥ ጤናውና የቀረለት ዕድሜ ምን ያህል እንደ ሆነ ገምቶ ለሕዝብ ገለጠ። ሰው የታመመ ዛፍ ሲያይ በቍጥሩ እንዲያመለክት አድራሻ ቢሰጠው፥ ከየአገሩ ሰው ለዛፎቹ የሰላምታ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ፤ ይህ የሚያስቅ ቢመስልም ዛፎቹ ወዳጅ ማግኘታቸውን ያሳያል። ፊትዝሮይ በተባለውም መናፈሻ የጎርፍ ውኃ ተጠራቅሞና ተጣርቶ ዛፎቹን እንዲያጠጣ ከምድር በታች ማጠራቀሚያ ተሠራ። ይህ ሁሉ የተደረገው ብዙ ከጠፋ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ግን ጥቂት በቀራት ጊዜ ልትጀምር ትችላለች።

ዛፍ መጠበቅ ሰውን መጠበቅ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። በጎንደር በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያሉት ዛፎች ሥራቸው የድንጋዩን ግንብ አቅፎ ሲታይ፥ ግንቡ ዛፉን ይዞት እንደ ሆነ ዛፉም ግንቡን ይዞት እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ጥር 11 ቀን መዋኛው ከቀሓ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ተሞልቶ የጥምቀት በዓል ሲከበር፥ አእላፍ ሕዝብ በእነዚህ ዛፎች ሥር ይቆማል፤ ወጣቶችም በሥሩና በቅርንጫፉ ላይ ይወጣሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ ያለ ዛፍ ከበዓሉ በፊት ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሊመረመር ይገባል። በሌላውም ከተማ እንዲሁ ነው፤ ያልተመረመረ ዛፍ በክረምት ነፋስ አንድ ጊዜ ወድቆ ጉዳት ባደረሰ ማግስት፥ ከድንጋጤ የተነሣ ጤነኞቹም አብረው ይቈረጣሉ። መዝገብ ያለው ሹም ግን የትኛው እንደሚያሰጋና የትኛው እንደማያሰጋ ስለሚያውቅ፥ የደረቀውን ቅርንጫፍ ብቻ አስቈርጦ ዛፉን ያተርፋል።

መዝገቡ እንዴት ይሁን ለሚል፥ አብነቱ በእጅ ያለ ነው። በየደብሩ አንዱ ገበዝ ለሌላው ንዋያተ ቅድሳቱን ሲያስረክብ መስቀሉ፥ ጽንሐው፥ መጎናጸፊያው፥ መጽሐፉ አንድ በአንድ ተቈጥሮ ይፈረምበታል። በየመሥሪያ ቤቱም ወንበሩና ጠረጴዛው ቍጥር ተጽፎበት በንብረት ክፍል መዝገብ ይገኛል። የተሰበረ ወንበር ያለ ፈቃድ አይወገድም፤ በዚያው ግቢ ያለው የመቶ ዓመት ዝግባ ግን በመዝገብ ስለሌለ ቢጠፋ የሚጠየቅበት የለም። ስለዚህ ዛፎቹ በርክክቡ መዝገብ ቢገቡ፥ ወጭው አንድ ደብተርና አንድ የመለኪያ ሜትር ነው። የሚጻፈውም የዛፉ ስም፥ የቆመበት ስፍራ፥ ከምድር 1 ሜትር ከ30 ከፍታ ላይ የግንዱ ዙሪያ ልክ፥ የጥላው ስፋት፥ በዙሪያው ያልተነጠፈው መሬት ስፋት፥ የብረቱ ፈተና ያሳየው፥ የጠጣው ውኃ በሊትር፥ የጠባቂውም ስም ነው። በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ዛሬ ለሁሉ ቀላል ስለ ሆነ፥ ዛፉ በየጊዜው ከአንድ ስፍራ ቢነሣ አናቱ መሳሳቱን ዓይን ከሚያስታውሰው ይልቅ ፎቶግራፉ በትክክል ይመሰክራል።

ዛፉን ለይቶ ለማወቅ የሚያስቸግር ነገር ሲገኝ የጉለሌ የዕፅዋት ማእከልና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሊቃውንት በዚያው ከተማ አሉ፤ ወንዶ ገነትም የደን ትምህርት ከሚሰጥባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። የከተማው አስተዳደር በየወረዳው አንድ አትክልተኛ አሠልጥኖ ቢመድብ፥ ሀገረ ስብከቱም ለየደብሩ አለቃ መመሪያ ቢያስተላልፍ፥ ሁለቱ መዝገቦች ተቀናጅተው ከተማው ስንት ሽማግሌ ዛፍ እንዳለው ይታወቃል።

የመጀመሪያው ምርመራ የክረምቱ ዝናብ ባቆመ ጊዜ በጥቅምት፥ ሁለተኛው ከጥምቀት በፊት በታኅሣሥ መጨረሻ፥ ሦስተኛው አፈሩ እጅግ በሚደርቅበት በየካቲት ቢሆን ይበቃል። ሦስተኛው ምርመራ የበልጉን መምጣት የሚጠብቅ መሆን የለበትም። ሊድን ያልቻለና ለሰው የሚያሰጋ ዛፍ በተቈረጠም ጊዜ ስሙ ከመዝገብ አይፋቅም፤ በጕቶው ላይ የዕድሜው ክበብ ተቈጥሮ፥ የተቈረጠበት ቀንና ምክንያቱ፥ መሬቱም የተነጠፈበት ዓመት በዚያው ገጽ ይጻፋል። ከእርሱ ፍሬ የበቀለ ችግኝ ከተገኘም በስፍራው ተተክሎ በአባቱ ቍጥር ሥር ይመዘገባል።